እርማት፦ ለባትሪ ፊውዝ አምፔሩ ብቻ አይበቃም

«አምፔሩ ከገጠመ የትኛውም ፊውዝ ለሶላር ባትሪ ይሆናል» ብለሃል፣ ወንድሜ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ስህተት ነው፤ ቤት ሊያቃጥልም ይችላል።

የግድግዳው ኤሲ መብራት (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ) በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል። ፊውዙ ሲቀልጥ የሚነሳው ብልጭታ ያኔ የመጥፋት ዕድል ያገኛል። የባትሪ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰው) ግን ዜሮ ላይ አይደርስም፤ ብልጭታው ሳይቋረጥ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ፊውዙ ላይ የተጻፈውን የዲሲ ቮልቴጅ እይ። የተለመደው የመኪና ፊውዝ 32 ቮልት ነው። «48 ቮልት» የምንለው ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሲሞላ 58 ቮልት ገደማ ይደርሳል።

ብዙዎች የሚዘሉት የመቁረጥ አቅሙን ነው፤ ማለትም ፊውዙ ሳይፈነዳ ሊያቋርጠው የሚችለውን ትልቁን አምፔር። ሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ባትሪዎቹ ፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ከተገናኙማ የሁሉም አምፔር ይደመራል። ያንን የማይችል ፊውዝ ሊፈነዳ ይችላል። ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ በዲሲ 20,000 አምፔር ይቆርጣል። ውድ ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልደራደርም።

አምፔሩም ቢሆን የሚመረጠው ገመዱን እንዲጠብቅ ነው። 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይረው መሣሪያ) ከ48 ቮልት ባትሪ ከ104 አምፔር በላይ ይስባል። 150 አምፔር ፊውዝ ካደረግክ ገመዱ ቢያንስ 150 መሸከም አለበት። ፊውዙንም ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አድርገው፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ ጥበቃ የለውም።