ብራውዘሩ የማይነጠለው የት አገር ነው?

ዊንዶውስ 11ን በርሊን ላይ የጫነ ሰው ሴቲንግስ ገብቶ የማይክሮሶፍትን ብራውዘር ኤጅን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ማራገፍ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያን መርጦ የጫነው ያ ምርጫ የለውም። ዊንዶውሱ ያው ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ሲጫን የተመረጠው አገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ኤጅን ማራገፍ እንዲፈቅድ ያስገድደዋል። (አገሩን በኋላ መቀየር አይጠቅምም፤ ኮምፒውተሩ ሪሴት መደረግ አለበት።) እንግዲህ «ብራውዘሩ ከሲስተሙ አይነጠልም» የሚለውን የማይክሮሶፍት አባባል እንደ ምህንድስና ክርክር መቀበል ይከብደኛል።

ክርክሩ የቆየ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ማይክሮሶፍትን ሲከስ፣ ኩባንያው የያኔው ብራውዘሩ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከወጣ ዊንዶውስ ይጎዳል አለ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤድዋርድ ፌልተን ደግሞ ማስወገጃ ፕሮግራም ሠርቶ አቀረበ። ሁለቱም ስለተለያየ ነገር ነበር የሚያወሩት። ሰው የሚከፍተው የብራውዘሩ ፋይል ትንሽ መስኮት ከፋች ነው። ገጹን አንብቦ የሚስለው ኤምኤስኤችቲኤምኤል የተባለው ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ሲሆን፣ የዊንዶውስ ሄልፕም ሆነ ሌሎች የሠሯቸው ፕሮግራሞች እሱኑ ይጠሩታል። መስኮት ከፋቹ ቢነሣ ሲስተሙ አይናጋም፤ ዲኤልኤሉ ቢሰረዝ ግን ሄልፕ ራሱ አይከፈትም። ፌልተንም የሚታየውን ብራውዘር አስወግዶ አብዛኛውን የጋራ ኮድ ባለበት ትቶታል።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2001 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል የተሰጠውን ትእዛዝ ቢሽርም ዋናውን ነጥብ አልሳተም፦ የብራውዘሩንና የሲስተሙን ኮድ አንድ ፋይል ውስጥ መቀላቀልም፣ ብራውዘሩን ከማራገፊያው ዝርዝር ማስወጣትም ሕገ ወጥ ነው አለ። ሁለቱንም ያደረገው ሰው ነው፤ ኮዱ በራሱ አልተጣበቀም።

በተቃራኒው አብዝቶ መቁረጥም አለ። አውሮፓ በ2004 ከ497 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጋር ሚዲያ ፕሌየር የሌለበት ዊንዶውስ እንዲቀርብ አዘዘ። ኤን የተባለው ዕትም ዋጋው ከሙሉው እኩል ስለነበር ፈላጊ አጣ። ከማጫወቻው ጋር ቪዲዮ የሚፈቱ ዲኤልኤሎችም አብረው ወጥተዋል፤ ዛሬም ኤን ላይ አንዳንድ ጌም ከእነዚህ ዲኤልኤሎች አንዱን ጠቅሶ «ኤምኤፍፕላት የለም» ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ሚዲያ ፊቸር ፓክን ጨምሮ ሪስታርት ማድረግ ይፈታዋል።

ኤጅን የሚያራግፍ ሰው ዌብቪው2 ራንታይምን፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ድረ ገጽ በውስጣቸው የሚያሳዩበትን የጋራ ክፍል፣ መንካት የለበትም፤ አዲሱ አውትሉክና ቲምስ የሚሠሩት በእሱ ነው። የኤጅን ፎልደር በስክሪፕት የሚሰርዙ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አይለዩም፤ አፕዴት ሲመጣ ኤጅ ይመለሳል፣ አውትሉኩ ግን ባዶ መስኮት እንደሆነ ሊቀር ይችላል።