ኤርብራሽ ከመግዛታችሁ በፊት መርፌው ከየት እንደሚመጣ አጣሩ

«ለጀማሪ ርካሹ ይበቃል፣ እጅህ ሲፈታ ጥሩውን ትገዛለህ።» አዳማ ውስጥ የፕላስቲክ ሞዴል መገጣጠም የጀመረ ልጅ ስለ ኤርብራሽ፣ ማለትም ከኮምፕሬሰር በሚመጣ አየር ቀለም ስለሚረጨው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ፣ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚነገረው ይሄ ነው። እኔ አልስማማም። ምክሩ የሚሠራው መለዋወጫ በማግስቱ በሩ ድረስ ለሚመጣለት ሰው ነው። እኛ ጋ አንዲት መርፌ ከጎበጠች ከውጭ የሚመጣ ሰው መፈለግ ነው፣ እሱ እስኪመጣ ደግሞ ግማሹ የተቀባው አውሮፕላን መደርደሪያ ላይ ይከርማል።

ስለዚህ ከማርኩም ከዋጋውም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ መርፌውና አፍንጫው ለብቻው ይሸጣል ወይ? አፍንጫው ቀለሙ የሚወጣባት ጠባብ ጫፍ ናት፣ መርፌዋ ደግሞ በውስጧ ወደፊትና ወደ ኋላ እየሄደች የቀለሙን መጠን ትወስናለች።

ኤርብራሽ ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ አይደለም። አካሉ ብረት ነው፣ በደንብ ከተያዘ ዓመታት ያገለግላል። ጣጣው ያለው ጫፉ ላይ ነው። መርፌዋን አንዴ ጠረጴዛ ላይ ከጣላችኋት ጫፏ ይታጠፋል፤ ዓይን ባያየው እንኳ ጥፍራችሁ ላይ በቀስታ ስታንሸራትቷት ያዝ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ አንድ ጎን ይረጫል። አፍንጫው ደግሞ ይብሳል። ብዙዎቹ ርካሾች ላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ በጥርስ የምትታሰር ናት፤ በመፍቻዋ ትንሽ ጠበቅ ካደረጋችኋት ጥርሷ ተቆርጦ ውስጥ ይቀራል። ኩባያው ውስጥ ያለው ቀለም አረፋ ካወጣ አፍንጫው ተሰንጥቋል፣ ተደፍኗል ወይም በደንብ አልገጠመም ማለት ነው።

የጀርመኑ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ አፍንጫውን ያለ መፍቻ፣ በእጅ ብቻ እንዲገጠም አድርጎ ነው የሚሠራው። የአሜሪካው ባጀር ፓትሪዮት 105 ደግሞ ከነመጀመሪያው ወፈር ያለ፣ 0.5 ሚሊ ሜትር አፍንጫ አለው። የጃፓኑን ኢዋታም ጨምሩ፤ የሦስቱም መለዋወጫ በቁጥር ተለይቶ ይሸጣል። ማርኩ የማይታወቅ ዕቃ ግን ስትገዙት እንጂ ሲሰበር ባለቤት የለውም። የቱንም ብትመርጡ አንድ ተጨማሪ መርፌና አንድ ተጨማሪ አፍንጫ ከዕቃው ጋር አብራችሁ አዝዙ። በኋላ ለብቻ ማስመጣቱ ነው የሚያስቸግረው።

ዓይነቱ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ደብል አክሽን ግዙ፣ ኩባያው ከላይ ይሁን። ደብል አክሽን ማለት ቃታውን ወደ ታች ስትጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ስትስቡት ቀለም የሚሰጥ ነው። መጀመሪያ አየሩን መክፈት፣ በመጨረሻም አየሩ እየነፈሰ ቀለሙን ቀድሞ መዝጋት እጅ የሚለምደው ነገር ነው፣ ስለዚህ «ለጀማሪ ሲንግል አክሽን (ቃታው ሲጫን አየርና ቀለም አንድ ላይ የሚለቀው) ይቀላል» የሚሉትን አትስሙ። ኩባያው ከላይ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ቀለም በሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በነገራችን ላይ አልኮል ያለበትና እሳት የሚይዝ ቀለም በአውሮፕላን ሻንጣ ስለማይፈቀድ፣ እንደ ቫሌሆ ያለ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቢላክላችሁ ይሻላል።

የአፍንጫው ስፋት 0.3 ወይም 0.4 ቢሆን ለሁሉም ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበውን ቦይንግ 787 ውሰዱ፣ በ1/144 (ከእውነተኛው 144 ጊዜ አንሶ) ሲሠራ 39 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ነጩ ሰፊ አካልም፣ በፕላስተር እየተሸፈነ የሚቀባው የጭራው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይም በዚሁ ይወጣል። 0.2 ለጥቃቅን ሥራ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይደፈናል።

ገንዘባችሁን ግን ኮምፕሬሰሩ ላይ አትሰስቱ። የአየር ማጠራቀሚያ፣ ግፊት መቆጣጠሪያና የውሃ መያዣ ያለው ይሁን፤ ማጠራቀሚያ ከሌለው አየሩ እየተርገበገበ ይመጣል። ለአብዛኛው ሥራ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በቂ ነው። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግፊቱ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፣ ዘይትና ውሃም ይዞ ይመጣል፣ ያለ መቆጣጠሪያና ያለ ማጣሪያ አይሞከርም። ኤርብራሹ ጀርባ ላይ የሚሰኩት በባትሪ የሚሠሩ ትንንሾቹም አቅም ያንሳቸዋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ ቮልቱን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የእነሱ 120 ነው፣ የእኛ 220።

የአዳማ ነገር ደግሞ ነፋሱ ነው። 51 እና 153 ሜጋ ዋት ያላቸውን ሁለቱን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያዞረው ያው ነፋስ በረንዳችሁ ላይም አለ፣ አቧራውን ያልደረቀ ቀለም ላይ ይለጥፈዋል። በበጋ አየሩ ስለሚደርቅም ቀለሙ መርፌዋ ጫፍ ላይ ይጋገራል። ቤት ውስጥ ቅቡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ፣ በየመሃሉ ጫፉን በረጠበ የጆሮ ጥጥ ጥረጉ። ለማጠቢያ ብላችሁ ግን ከጋራዥ የመኪና ቀለም ቲነር እንዳታመጡ። ሞዴሉ ላይ ከነካ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ ኤርብራሹ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶችም ይበላቸዋል። እነሱም እንደ መርፌዋ ከውጭ ነው የሚመጡት።