ዘንድሮ ምን ያዋጣል?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሐበሻ ድግስ ላይ ምግቡ ከተነሳ በኋላ የማይቀር ጥያቄ አለ። «ዘንድሮ ምን ያዋጣል?» ወሬው ስለ ቤት ግዢ አይደለም፣ ስለ አይቲ ነው። አንድ ሰሞን ሰው ሁሉ ዳታቤዝ ካልተማርኩ አለ። ቀጥሎ ቴስቲንግ መጣ። ከዚያ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር)፣ ከዚያ ሳይበር ሴኩሪቲ። አሁን ኤአይ ነው። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ቢጠይቅ አይገርመኝም፤ መግቢያ በር እየፈለገ ነው። የሚገርመኝ ስንት ዓመት ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲጽፍ የኖረው ዲቨሎፐር እኩል ጆሮውን ሲያቆም ነው።

ፍርሃቱ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። ድረ ገጽ ላይ አኒሜሽንና ጌም ያጫውት የነበረው ፍላሽ በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ አበቃለት። ድረ ገጽ የሚሠራበት አንጉላር በፈረንጆቹ 2016 ሁለተኛው ሲወጣ ከመጀመሪያው ጋር አልስማማ ብሎ ስንቱን ኮድ እንደ አዲስ አስጻፈ። ጎግል በ2019 ለአንድሮይድ ስልክ አፕ ኮትሊን የሚባለው ቋንቋ ይቅደም ሲል የጃቫ ልጆች ማታ ማታ ተማሪ ሆኑ።

መማሩስ አይከብድም። እዚህ አገር የሚከብደው ማሳመኑ ነው። ሪክሩተሩ (ለኩባንያ ሠራተኛ የሚመለምለው) ደውሎ ስኖውፍሌክ በሚባለው የዳታ ማከማቻ ላይ «ስንት ዓመት ሠርተሃል?» ይላል። ቤቴ ተምሬዋለሁ ብትለው በትህትና ይሰናበትሃል። አንድ ወዳጄ ከጃቫ ወደ ዳታ ኢንጂነሪንግ (ዳታ ሰብስቦ ማዘጋጀት) ልዙር ብሎ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲያመለክት የቀረበለት የጀማሪ ደመወዝ ነበር። ሞርጌጅና የልጆች መዋያ ያለበት ሰው በጀማሪ ደመወዝ አይኖርም። በኤች ዋን ቢ፣ ማለትም ከቀጣሪ ጋር በታሰረ የሥራ ቪዛ ያለውማ የባሰ ነው። ሥራውን ካጣ ሌላ ቀጣሪ እንዲፈልግ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በ60 ቀን ማን አዲስ ሙያ ይሞክራል? የሚያውቀውን ይዞ ይሮጣል እንጂ።

አዲስ አበባ ያለውን ልጅ ደግሞ «ሙያ ቀየርክ ወይ?» ብትሉት ይስቃል። ከየቱ ወደ የቱ? ጠዋት ፍላተር በሚባል መሣሪያ የስልክ አፕ ይሠራል፣ ከሰዓት ላራቬል በሚባል ሌላ መሣሪያ ሰርቨሩን ያስተካክላል፣ ማታ የቴሌግራም ቦት ይጽፋል። በፈረንጆቹ 2021 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ክፍያ ማገናኘትም ተጨምሮለታል። ጳጉሜን የማያውቅ ካላንደር ሲያስቸግረው ራሱ ጽፎ ይገላገላል። ደንበኛው ደግሞ «እግረ መንገድህን ፕሪንተሩንም እይልኝ» ይለዋል።

እሱን የሚያስረው ሌላ ነው፤ በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ። አፕ ለመልቀቅ ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ 25 ዶላር ነው። የአማዞን ክላውድ የምስክር ወረቀት ፈተና በተለመደው ደረጃ 150 ዶላር። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ያ ፈተና ከ8 ሺህ 500 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ15 ሺህ አለፈ። ብሩ ቢኖርም ዶላሩን የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ውጭ ወዳለ ዘመድ ይደወላል። እነሱ ጋ ረፋድ ሲሆን እኛ ጋ ሌሊት ነው። «ጋሼ፣ ኮድ መጥቶልሃል?» ይላል አንዱ። ክፍያውን ለማረጋገጥ ስልኬ ላይ የሚላከው ኮድ የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ መነጽሬን ሳላገኝ ያልፍበታል። «በድጋሚ ልላከው ጋሼ፣ አትተኛ!»

ይሄ ሁሉን ቻይ ልጅ እዚህ ሲመጣ ሪክሩተሩ የት እንደሚመድበው ግራ ይገባዋል። ሬዙሜው ላይ ሃያ ነገር ተደርድሯል። እኔ ሁሌም ቁረጠው እላለሁ፤ አንዱን አስቀድም፣ ፕሪንተሩንማ ጭራሽ አታንሳው። ሥራ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሲስተሙ ወድቆ ጥፋቱ ከዳታቤዙ ይሁን ከኔትወርኩ ሳይታወቅ ሲቀር የሚጠራው እሱ ነው።

ያረጀ ሁሉ አይሞትም ደግሞ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2012 በኮሮና ጊዜ የኒው ጀርሲው ገዥ ኮቦል የሚባለውን ጥንታዊ የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ያለህ ብለው በአደባባይ ተጣርተዋል። ድግስ ላይ ኮቦል ያዋጣል ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ያ ከጃቫ ልዙር ያለው ወዳጄ በመጨረሻ የዞረው በኮርስ አልነበረም። እዚያው በሚሠራበት ኢንሹራንስ ውስጥ የዳታ ቡድኑ ሰው ሲጎድለው አለቃውን አናግሮ ተዛወረ። የካሳ ጥያቄ ከየት ገብቶ የት እንደሚያልቅ ያውቃል፤ አዲስ የሆነበት መሣሪያው ብቻ ነው። ደመወዙም አልተነካ። መቀየር ለሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው። አዲስ አበባ ላለው ልጅ ግን ይሄን ለማለት አፍሬአለሁ። ከዲፓርትመንት ወደ ዲፓርትመንት ተዛወር እንዳልለው፣ ዲፓርትመንቱ ራሱ እሱ ነው።