ጾመኛውስ ምን ይብላ?

አንድ ያነበብኩት የጉዞ ጽሑፍ ወደ ቬትናም ዋና ከተማ ሃኖይ የሚሄድ ሰው ኦባማ በ2016 እ.ኤ.አ. የበሉትን ቡን ቻ የሚባል ምግብ እንዲቀምስ ይመክራል። የአሳማ ሥጋ መሆኑን ግን ትንፍሽ አላለም! ለብዙዎቻችን እኮ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። አሳማ የማትበሉ ጠዋት ወጣ ብላችሁ ፎ የሚባለውን የኑድል ሾርባ እዘዙ። «ፎ ቦ» የበሬ፣ «ፎ ጋ» የዶሮ ነው። የሚያቃጥል መረቅ፣ ለስላሳ የሩዝ ኑድል፣ ከላይ የሽንኩርት ቅጠል ነስነስ ተደርጎበት። ሎሚውን ራሳችሁ ትጨምቃላችሁ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ «ቻይ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቤት ፈልጉ፤ ሥጋም ዓሣም የለውም። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ብዙ ቡድሂስቶች ሥጋ ስለማይበሉ ያኔ እንደ ልብ ነው። ተራ ቤት ገብታችሁ «አትክልት ብቻ» ብትሉ ግን የዓሣ ሶሱ አይቀርላችሁም። የእንቁላል ቡናውን ለፍስክ አቆዩት። አስኳሉ ከጣፋጭ ወተት ጋር ተመትቶ ቡናው ላይ ይደፋል፤ ቡናው ራሱ ለኛ አፍ ትንሽ ይመራል።