ተመልሳችሁ ጠይቋቸው

ከጦር ግንባር ተመልሰው በባሕር ዳር ምግብ አብሳይ ስለሆኑት አባት የጻፋችሁትን አነበብሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ያሉትን ዓመታት በሁለት መስመር ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ፈረሰ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ያለ ሥራ ቀረ፤ ስንቱ ልጆቹን ሊያሳድግ ሲገባው ጎዳና ላይ እጁን ዘረጋ። እኒህ ሰው እናንተ እንዳላችሁት ድስት በማጠብ ጀምረው ዋና አብሳይ መሆናቸው እንዴት በሁለት መስመር ያልቃል? ያውም ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱ በሚያስነውርበት ዘመን! ተመልሳችሁ ጠይቋቸው።

እኒህ አባት ስለሚያበስሉት ዓሣ አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ዓሣ ከምንላቸው የጣና ዝርያዎች በርካታዎቹ በክረምት መውጫ እንቁላል ሊጥሉ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። መረብ ወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ዘራቸው የሚመናመነውም በዚሁ ነው። እኒህ አባት በነሐሴና በመስከረም ከወንዝ አፍ የመጣ ዓሣ አልቀበልም ቢሉ ሌሎቹም ምግብ ቤቶች ይሰሟቸዋል። እባካችሁ ይህን ልመናዬን አድርሱልኝ።