አዳዲ ማርያም፣ ደርሶ መልስ

አዲስ አበቤ ቤተ ክርስቲያን ሲፈልግ ወደ ላይ ነው የሚያንጋጥጠው። ጉልላት ካላየ ደረስኩ አይልም። አዳዲ ማርያም ላይ ይሄ አይሠራም። ከከተማ 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፤ ከቡታጅራው መንገድ ተገንጥለህ ትሄዳለህ፣ ግቢው ገብተህ "ታዲያ የታለች?" ስትል ጣሪያዋ ከእግርህ ሥር ነው። ዙሪያዋ ወደ ታች ተቆፍሮ ከዓለቱ የተፈለፈለች ናት። ቅዱስ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ሲመጣ አሠራት ይላል ትውፊቱ።

ከእኛ ጋር የመጡት ጋሼ ለአፓርታማ ቅድሚያ ከፍለው ዓመታት የጠበቁ ሰው ናቸው። ሥዕልም ታሪክም አላማራቸውም፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ካህኑን ያዙ።

"አባ፣ ይሄ ከላይ ነው የተጀመረው ማለት ነው?"

"አዎን። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ መስኮቱ፣ ወለሉ መጨረሻ።"

"የኛዎቹ ከታች ጀምረው ሦስተኛው ሶሌታ ላይ ሲሚንቶ ተወደደ አሉን። ፌሮ ጠፋ አሉን።"

"እዚህ ሲሚንቶ የለም ልጄ።"

"እሱ እኮ ነው የሚያናድደኝ!"

ሌሎቻችን ደግሞ በሩ ላይ ነን። ጫማ ማውለቅ ሲመጣ ነው ሰው የሚታወቀው፤ እስከ ጉልበቱ የሚታሰር ቡትስ አድርጎ የመጣው ወጣት ገና ግራ እግሩን ሳይፈታ እኛ ተሳልመን ጨርሰናል፣ ከሱሪዋ ላይ ነጠላ ያገለደመችው እህቱ ደግሞ ነጠላው እየወረደባት በአንድ እጇ ወገቧን፣ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ "እኔን ከመስኮቱ ጋር አንሱኝ" ትላለች። ከ700 ዓመት በላይ የኖረ መስኮት ነው፣ እሷ ግን ፀጉሬ አላማረም ብላ አምስት ጊዜ አስደገመችን። መሀል ላይ የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። "ክትፎው ለብለብ ይሁን?" ካህኑ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። (ጾም አልነበረም፣ እግዜር ይመስገን።)

ስንመለስ አስፋልቱ ዳር ጃንጥላ የዘረጉ ሰዎች በድምፅ ማጉያ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ይለምናሉ።

"ወገኖቼ፣ ግድግዳው አልቋል፣ የቀረን ጣሪያው ብቻ ነው!"

ጋሼ መኪናውን አስቆሙ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው መቶ ብር ሰጡና፣

"ከጣሪያው ነበር መጀመር!" አሏቸው።