ሰከንድ ነው

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አምፖል ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ ጣቱን ቀስሮ "ሰከንድ!" አለኝ። ቆምኩ። ወሬው ስለ አንድ ዘመዱ የቤት ኪራይ ነበር። አሁን የዚያን ቤት ውል ከተከራዩ በላይ አውቀዋለሁ።

ሰከንድ እኮ የዋዛ ነገር አይደለም። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልኩ በአቶም የታሰረ ነው። ከሲዝየም 133 አቶም የሚወጣው ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ እስኪርገበገብ፣ ያቺ ናት አንድ ሰከንድ። አንዷ እንኳ አልጎደለችም! ፈረንጆቹ ይህን ሁሉ ለክተው ሲያበቁ፣ ሰው ሲያስጠብቁ ግን እነሱም "አንድ ሰከንድ" ብለው ይዋሻሉ። እኛም ቃሉን የተረከብነው ከነውሸቱ ነው።

ይህን ሳማርር መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።" ተረቱን እወደዋለሁ። ግን ያልቸኮለችው ምን እንደገጠማት የነገረን አለ? እኔ ልንገራችሁ፤ እንግዶቿ ተርበው ሄዱ።

ለወንድሜ ሠርግ ኮምቦልቻ ሱፍ ያሰፋሁ ጊዜ የደሴ–ኮምቦልቻን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ስወርድና ስወጣ ከረምኩ። ልብስ ሰፊው "ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረው፣ ሰከንድ ነው" ይለኛል። አንድ ቀን አጮልቄ ሳይ እጅጌው በጠመኔ እንደተሰመረ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ መቀስ አልነካውም። ሠርጉን በውሰት ኮት አለፍኩት። እጁ ጣቶቼን ውጧቸዋል። ፎቶው ዛሬም ወንድሜ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። ሰውየውን ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም።

ቡና ግን ሌላ ነው። እዚህ ወሎ "ቡናው ደርሷል፣ ግባ" ከተባልክ ጥሬው ገና እየታጠበ ነው። ገና ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ እጣኑ ይጨሳል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አለ። ውሸት ነው፣ አዎ። ግን ቆሎ እያስቆረጠሙ፣ እየመረቁ ነው የሚዋሹህ። እንዲህ ያለውን ውሸት በየቀኑ ያምጡልኝ።

የሚያበግነኝ የቢሮው ነው። "ሰከንድ" የሚለው ሁሌ መስኮቱ ውስጥ ያለው ነው። ወረቀት ይዞ ውጭ የቆመ ሰው ሲለው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ልጅቷ "ሰከንድ አባባ" ብላ ሻይዋን ልትጠጣ ወጣች። መቀመጫ እንኳ የለም! አንድ አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ ስንት ዓመት ይፈጃል?

እስቲ እናንተ "ሰከንድ" በሉና እዩ። ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ረዳት መነሻው ላይ "ሰከንድ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ!" ሲል ቆየ። ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡት ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወረዱና ሁለቱ ሰው አምስት ሆነ። መንገድ ላይ "ሂሳብ!" ሲለኝ "ሰከንድ" አልኩት።

"የምን ሰከንድ ነው ጋሼ፣ ያውጡ እንጂ!"

አወጣኋ! መኪናው ሙሉ ዞሮ እያየኝ።